እማዬ፣ ደስታም ይለመዳል

ውድ እናቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ከእንግዲህ ለእኔ ምን ደስታ አለ?» ያልሽው ከሐሳቤ አልወጣ ብሎ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ብመልስልሽ «እሺ ልጄ» ብለሽ ታልፊኛለሽ፤ ደብዳቤ ግን ደጋግመሽ ታስነብቢዋለሽ።

ማዘንሽ የእምነት ጉድለት አይደለም። አማኝ ሁልጊዜ ፊቱ ሊበራ ይገባል የሚሉ ሰዎች ንግግር አይዋጥልኝም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ አልቅሷል። አባዬን ስታስቢ የሚመጣውን እንባ አትከልክይው።

ግን ጳውሎስንም አስቢው። ለፊልጵስዩስ ሰዎች «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ሲጽፍ እስረኛ ነበር። በዚያችው ከተማ ቀደም ሲል እሱና ሲላስ በበትር ተደብድበው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት ዘምረዋል። ያን ሌሊት ቁስላቸውን ያጠበላቸው የወኅኒ ጠባቂ ደብዳቤው ሲነበብ ከጉባኤው መሃል ተቀምጦ ይሰማ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እንግዲህ ይኸው ሰው ነው በዚሁ ደብዳቤ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» የሚለው። አብሮት የተወለደ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የሚማሩት ከሆነ ደግሞ በአንቺም ዕድሜ ይጀመራል።

እኔ የያዝኩትን ልንገርሽ። ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ለይቼ፣ ድምፄን አውጥቼ አመሰግናለሁ። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብዬ ጠቅልዬ አላልፍም። «ዛሬ ከሰዓት ራስ ምታቱ ስለለቀቀኝ፣ ያኮረፈኝ ባልደረባዬም ቀድሞ ሰላም ስላለኝ አመሰግንሃለሁ» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ የምለው ነገር ይጠፋኝ ነበር። አሁን ቀኑን ስውል ዓይኔ ራሱ ይፈልገዋል፤ ለማታ የሚሆነኝን እያየሁ እሄዳለሁ። ከባድ ቀንም ቢሆን ባዶ ሆኖብኝ አያድርም።

አንቺ ደግሞ መዝሙሩን በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ ዓይንሽ ቢደክምም ያንን የሚወስድብሽ የለም። ጠዋት ብርሃኑ በመስኮት ሲገባ፣ ገና ጉልበትሽን እያሸሽ አልጋው ጫፍ ላይ ሳለሽ፣ አንዱን በይው። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ያለውም ያረጀ ሰው ነው፤ በዚያው መዝሙር ግን ምስጋናው ከልመናው አያንስም። ልብሽ እስኪሞቅ አትጠብቂ። ብዙ ጊዜ ልብ ከአፍ ኋላ ነው የሚደርሰው።

ሌላም አለ። በነህምያ ዘመን ሕጉ ሲነበብ ሕዝቡ ሲያለቅስ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ» ተባሉ። ከዚያ በፊት የተነገራቸው ግን ብሉ፣ ጠጡ፣ ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩ የሚል ነበር። ስለዚህ ከቤት መውጣት ቢያቅትሽም ስልክሽ አለ። ብቻዋን የምትውለውን ጓደኛሽን ደውለሽ ጠይቂያት፤ አብራችሁ ጸልዩ። እሷም እንዳንቺ የሰው ድምፅ ናፍቋታል።

እሑድ ስደውል ስለ ጤናሽ ከመጠየቄ በፊት በሳምንቱ ስለ ምን እንዳመሰገንሽ እጠይቅሻለሁ፤ አንዱን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። እኔም የራሴን እነግርሻለሁ። መድኃኒትሽን በሰዓቱ መውሰድሽን ደግሞ አደራ።

የምወድሽ ልጅሽ