በሥራ ላይ የተማረ ሰው ለምን አይመዘንም?

ለከተማችን የሙያ ብቃት ምዘና ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው የኮሌጅ ደብዳቤ ካላመጣ ለሲኦሲ (ለሙያ ብቃት ምዘና) አይመዘገብም የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣው ይንገሩኝ። እኔ ፈልጌ አጣሁት።

ለዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አላልፍ ሲል ሙያ ለመቀየር ወሰንኩና ኤሌክትሪክ መረጥኩ። ከተማው በሙሉ ግንባታ ነው፣ ሥራው አይጠፋም፣ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ የት ልማር የሚለው ነበር። የቀኑ መደበኛ ሥልጠና ልጆች ለሚያሳድግ ሰው አይሆንም፤ ሥራ ፈትቼ ቀኑን ሙሉ ክፍል ብቀመጥ ቤቴን ማን ያበላል? የማታውን ልሞክር ብዬ አንድ የግል ኮሌጅ ሄድኩና ወርክሾፑን አሳዩኝ አልኳቸው። ግድግዳ ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ አምፖል። ብሬከር የሚባል ነገር የለም። ሠልጣኙ ሁሉ ተራ እየጠበቀ እዚያች ሰሌዳ ላይ ነው የሚለማመደው። ለዚህ ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ አልከፍልም።

ስለዚህ ከአንድ ነባር ባለሙያ ሥር ረዳት ሆኜ ገባሁ። ግድግዳ ቆፈርኩ፣ ቱቦ ቀበርኩ፣ ሽቦ ጎተትኩ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እንደሚዘረጋ፣ ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር እንደሚያስፈልገው በእጄ እየሠራሁ አወቅሁ። አንድ ቤት ውስጥ ምጣዱን ከመብራት መስመር ላይ ቀጥለውት አገኘን። ሳጥኑን ስንከፍተው የሽቦው ላስቲክ ቀልጦ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። የቤቱ እናት «ስጋግር ሁሌ የሆነ ነገር ይሸተኛል» ሲሉን ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው፤ ልጆቹ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው የሚተኙት። ይህንን የሠራው ሰው ወረቀት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። መመዘን ግን ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ሠርቼ፣ ማታ ማታ ንድፈ ሐሳቡን አንብቤ፣ ባለሙያውም በቃህ ሲለኝ ለደረጃ 1 ምዘና ልመዝገብ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ከየትኛው ኮሌጅ ነህ?» አለችኝ። ከሥራ ነው የተማርኩት አልኳት። «እንግዲያው ከኮሌጅ ደብዳቤ አምጣ» ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ። አቤት ልል ወደ ቢሮዎ ብወጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በጽሑፍ አመለከትኩ፣ መዝገብ ቤት ተቀበለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም።

የሚያቃጥለኝ ግን ይሄ አይደለም። ያን ቀን ከመስኮቱ ስመለስ አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ተከተለኝና «ምን ያደክምሃል፣ ብር ከከፈልክ ደብዳቤውን የሚጽፍልህ ኮሌጅ አለ» አለኝ። ሹክሹክታም አልነበረም፤ ጮክ ብሎ፣ በቢሮዎ ኮሪደር ላይ። ክቡር ኃላፊ፣ ያልተማርኩበት ኮሌጅ ተምሯል ብሎ ከጻፈልኝ እመዘገባለሁ፣ የተማርኩበትን እውነተኛ ቦታ ከተናገርኩ ግን እባረራለሁ ማለት ነው። ሰው ቤት ገብቶ እሳት ሊያስነሳ የሚችል ሙያ በውሸት ወረቀት እንድጀምር ነው የምትፈልጉት? እኔ ያንን ደብዳቤ አልገዛም።

ደንቡን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሚለካው ሰውየው መሥራት መቻሉ እንጂ የተማረበት ቦታ እንዳልሆነ ነው የሚለው። በመደበኛም ተማረ፣ በሥራ ላይ፣ ብቃቱ ተመዝኖ ይታወቅለታል። ታዲያ ከስትራቴጂው እስከ መስኮቱ ድረስ ይህን መብት ማን በላው?

ልምዴን ካላመናችሁኝ ፈትኑኝ። ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቴስተር ስጡኝና ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት መዛኙ ፊት ልዘርጋ። ካቃተኝ ጣሉኝ፣ ቅር አይለኝም። ሳትፈትኑኝ መጣላችሁን ግን አልቀበልም።

አሁን የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። በሥራ የተማረ ሰው ምን አሟልቶ እንደሚመዘገብ እዚያው መስኮት ላይ አስለጥፉ። ለእኔም ትመዘናለህ ወይም አትመዘንም የሚል፣ አትመዘንም ከሆነ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት መልስ በጽሑፍ ይስጡኝ።