የቤዝህ ነገር

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እናታቸውስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደከም ብሏል፤ ጣቶቼ ግን አሁንም ይታዘዙኛል።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ስትደውል አላነሳሁም። በሰው የላክኸው ሰላምታ ሲደርሰኝም መልስ አልሰጠሁም። ምክንያቱን ሳልነግርህ ሌላ ወሬ ማውራት አልችልም። መጨረሻ በስልክ ስናወራ፣ ስትሄድ እኔ ጋ የተውካትን ቤዝ ጊታር አንሥተህ «ቤዜስ፣ አለች?» አልከኝ። «አለች» አልኩህ። ዋሸሁህ። ያኔ ከሸጥኳት ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፅህን መስማት ከበደኝ።

የሸጥኳት በ1988 ዓ.ም. ነው። እንጫወትበት የነበረው ሆቴል ስድስታችንንም በአንድ ቀን አሰናበተን። አንድ ልጅ አንድ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ድራሙም፣ ቤዙም፣ ሳክሱም፣ ትራምፔቱም ከማሽኑ ይወጣል። ለስድስት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰው መክፈል ይቀላል። በልጁ አልፈርድም፤ እሱም እንጀራውን ነው የፈለገው። ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰም አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ኪቦርድ ከተማውን ሞላው፤ ስንቱ ነፊ መሣሪያውን ሳጥን ውስጥ ከቶ ቤቱ ተቀመጠ። ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ነበር። የሦስት ወር የቤት ኪራይ ተከምሮብኛል። የራሴን ጊታር ብሸጥ ምን ሠርቼ ልብላ? ያንተን ተሸክሜ መርካቶ ወረድኩ። ገዢው አራቱንም ገመድ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ የቀበቶህ ዘለበት የፋቀው ቦታ አለ አይደል? እሱን በጣቱ እየዳሰሰ መቶ ብር ቀነሰብኝ። ያ ፍቅፋቂ የስንት ሌሊት ሥራ እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ይቅር በለኝ። ይህን ካልኩህ በኋላ ሁልጊዜ ወደምትጠይቀኝ ልሂድ። «አዲስ አበባ ሌሊት እንዴት ናት?» ትለኝ ነበር።

ብትመጣ መንገዱ ይጠፋሃል። የምታውቀው ፒያሳ ብዙው ፈርሷል። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም አብሮ ሄደ። ፈንድቃን አንተ በደንብ አታውቀውም። መላኩ በላይ የሚባል ጨፋሪ ልጅ ነበር። እዚያው ቤት ለሽልማት እየጨፈረ፣ ሌሊት ባንኮኒው ሥር ይተኛ ነበር። በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው። ማሲንቆውም ጃዙም፣ ሥዕሉም ግጥሙም እዚያ ተገናኘ። የውጭ አገር ሙዚቀኛ አዲስ አበባ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፈንድቃን ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ጃዝ የሚሰማበት ጃዝአምባ ነበረልን፣ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ። ጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል እሱም አብሮ ነደደ። በማግስቱ ሄጄ አየሁት። የእንጨቱ ሽታ ከኮቴ ላይ ለሳምንት አልለቀቀም።

መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም ያምራል። ይህን አልክድም። ግን ሙዚቃ የሚሠራው ቤት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። ያን የሰላም ጓድ አሜሪካዊ አስተማሪያችን ያሰማንን የብሉዝ ተጫዋቹን የመዲ ዋተርስን ሸክላ አስታውስ። ሰውየው ከሚሲሲፒ እርሻ ተነሥቶ በ1943 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ገባ። ቡና ቤቱ ሁካታ ስለሆነ የእንጨት ጊታሩ አልሰማ አለው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር አነሣ። እኛ በልጅነታችን ጆሯችንን ሸክላ ማጫወቻው ላይ ደቅነን የሰማነው ያ የሚያቃጥል ድምፅ፣ የጠባብ ቤት ጫጫታ የወለደው ነው። ቤቱ ባይኖር ድምፁም አይኖርም ነበር።

የእኛስ? የደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ትዝ ይልሃል? ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። እስኪነጋ የሚገባም የሚወጣም የለም። የምናውቀው ዘፈን እኩለ ሌሊት ላይ ያልቅብናል። ከዚያ በኋላ የምንጫወተው ያልተለማመድነውን ነው። አንዷን ትዝታ ግማሽ ሰዓት እናስኬዳታለን። አንተ ቤዝህን ወደ ኋላ ጎተት ስታደርግ፣ ድራመሩ ቀና ሳይል ይከተልሃል። ያን ዘመን አላመሰግነውም። ንጋት ላይ ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ያየነውን አንተም እኔም አንረሳውም። ግን እርስ በርስ መደማመጥን የተማርነው በዚያ በተቆለፈ ቤት ነው። የዋልያስ ባንድ ልጆችስ ቢሆኑ? ሒልተን ውስጥ ስንት ዓመት አብረው ተቀምጠው ነው እንደ አንድ ሰው የተነፈሱት።

የአሁኖቹ ልጆች ከእኛ ይበልጣሉ። እውነቴን ነው። ኖታ ያነባሉ። እኛ አንድ ሸክላ ፍለጋ ስንት ቤት እንዳላንኳኳን፣ እነሱ የዓለም ሙዚቃ እጃቸው ላይ ነው። ያጡት አብሮ መክረሚያ ነው። አንዱ ድራመር በሳምንት ከአራት ባንድ ጋር ይጫወታል። ሰኞ ከእነዚህ ጋር፣ ሐሙስ ከእነዚያ ጋር። የሠርግ ወራት ሲመጣ ሁሉም ሠርግ ላይ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሥራ የለም። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ባንድ ጋር ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ፈልጌ ጥቂት ነው ያገኘሁት። መጫወቻው ቤት ገና ሲለመድ ይፈርሳል፣ ወይ ኪራዩ ይጨምራል፣ ወይ ባለቤቱ ዲጄ ያመጣል።

እና ባለፈው ሐሙስ ምን ሆነ መሰለህ። ልጄ ሳር ቤት አካባቢ አንዲት ትንሽ ቤት ወሰደችኝ። ሃያ ሰው ብትይዝ ነው። መድረክ የላትም፤ ባንዱ ወለሉ ላይ ነው የቆመው። ቤዝ የምትጫወተው ሴት ልጅ ናት። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጀመሩ። ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ነው፣ ግን አካሄዱ እንደ መዲ ዋተርስ ያለ አሥራ ሁለት ባር ብሉዝ ነው። ደንግጬ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ያ እኔና አንተ በልጅነታችን ስንፈልገው የኖርነው ነገር ነው። አስታውስ፣ ሸክላው ላይ ያለችውን ያቺን ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አቅቶን ስንት ቀን ተጨቃጨቅን። እኛ ሜጀር ትሁን ማይነር ብለን እንወስናለን፤ የብሉዝ ሰዎቹ ግን ገመዱን ጎትተው በሁለቱ መሐል ያንጠለጥሏታል። ይቺ ልጅ ቤዝ ላይ ሆና አንጠለጠለቻት። ከዚያ ዝም አለች። አንድ ሙሉ ባር ምንም ሳትነካ አለፈች። ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ጮኸ።

በእረፍት ሰዓት ሄጄ ሰላም አልኳት። ስሜን ስነግራት ተነሥታ ቆመች። ያንተንም ስም ታውቀዋለች። ከድሮ ካሴት ላይ አንተ የተጫወትከውን ቁጭ ብላ እያወጣች ነው ያደገችው። ጣቶቿን አየሁ፤ ጫፋቸው እንዳንተ ጠንክሯል። ቤዟን አነሣኋት። ገመዶቹ ጠቁረዋል፤ ወፍራሙ ጫፉ ላይ ተቋጥሯል። «ስንት ጊዜሽ ነው ከቀየርሽው?» አልኳት። «ጋሼ፣ አልቀይረውም፣ እቀቅለዋለሁ» አለችኝ። በድስት ውሃ ታፈላለች፤ ገመዱን ትነክረዋለች፤ ቅባቱና ቆሻሻው ሲለቅ በፎጣ ታደርቀዋለች። ለሁለት ሳምንት ድምፁ ይመለሳል። አዲስ ገመድ የሚገዛ ብር ካገኘች ቤት ኪራይ ይቀድማል። ያን ሌሊት ያ የተቀቀለ ገመድ ነው እንዲያ የዘመረው።

ከዚያ አንዱ ልጅ ጊታሩን ሰጠኝ። ቆሜ ተጫወትኩ። በስንት ዓመቴ! መጀመሪያ ላይ ከምቱ ቀድሜ ልሮጥ ነበር። እሷ ግን ወደ ኋላ ጎተት አደረገችኝ፤ ልክ አንተ እንደምታደርገው። ዘወር ብዬ አየኋት፤ አላየችኝም፤ ዓይኗን ጨፍናለች። እንባዬ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ ልደብቅህ አልፈልግም።

ቤት ስገባ አንተን አሰብኩ። እዚያ ዋሽንግተን ስንቱ ጓደኛችን የታክሲ መሪ ሲጨብጥ ኖረ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያም እንኳ ስንት ዓመት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው በ2005 ዓ.ም. አሜሪካ እንደገና ሲታተም ደግሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። አንተስ ትነካለህ? ቤዝ ገዝተሃል? ይህን ሳልጠይቅህ ዘጠኝ ዓመት ማለፉ ያሳፍረኛል።

ብትቆጣ መብትህ ነው። በደብዳቤም በስልክም ተናገረኝ፤ አሁን አነሳለሁ። የቤዝህን ዋጋ እከፍልሃለሁ ብል ቀልድ ይሆናል፤ ዋጋዋን እኔም አንተም እናውቃለን። አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ሰው ሲመጣ የቤዝ ገመድ ላክልኝ። አራት ገመድ ነው፣ ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 ያለው፣ ያ አንተ ትወደው የነበረው። ሁለት እሽግ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱን አሁን ታስረዋለች፣ አንዱ ይቀመጥላታል። ካንተ እንደሆነ እነግራታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚጫወቱት፤ ቤቱ እስካለ ድረስ እኔም እዚያ ነኝ።

ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ