መሙ ሳይለካ የተያዘ ሰዓት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛው ሕንፃውን፣ ርዕሳነ መምህራኑንና ዋንጫውን ቆጥሮ ያበቃል። ስፖርት ከተነሣም ኳስ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህማ ሌላው ሁሉ ተሸፍኗል። ሩጫው ግን በየትምህርት ቤቱ አለ። የክፍል ለክፍል ውድድር ይካሄዳል፣ ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፣ ከዚያ ወረቀቱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ወረቀቱ ቢገኝም ብዙ አይጠቅምም። «1,500 ሜትር፣ 4 ደቂቃ ከ20» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሜዳው በርግጥ 1,500 ሜትር ነበር ወይ? ካልተለካ የዛሬ ሃያ ዓመቱን ልጅ ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን የሩጫ ታሪክ መጻፍ የፈለገ ሰው ከሜትር ይጀምር።

ደንቡን የጠበቀ የ400 ሜትር መም (ክብ የሩጫ ሜዳ) ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ 157.39 በ73 ሜትር ቦታ ይፈልጋል። ስድስት መስመር ሲጨመርበት 172 በ88 ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት «ሜዳውን አንድ ዙር» እያለ በግምት ከሚያሮጥ የ300 ሜትር መም ቢያሰምር ይሻለዋል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። በሜዳው ወገብ ላይ በ60 ሜትር ርቀት ሁለት ችካል ይተከላል። ከእያንዳንዱ ችካል በ28.45 ሜትር ግማሽ ክብ ይሰመራል፤ ሁለቱ ግማሽ ክቦች በግራም በቀኝም በ60 ሜትር ቀጥታ መስመር ይገናኛሉ። ይህን አስልቶ 300 ያጣ ሰው አይደናገጥ። ሯጭ በመስመሩ ላይ አይሮጥም፤ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ጠርዝ የሌለው መም የሚለካው ከመስመሩ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ነው። 28.65 ተይዞ ሲሰላ ዙሩ ልክ 300 ይመጣል።

ኖራ ከመፍሰሱ በፊት ቀጥታው ከኩርባው የሚገናኝባቸው አራት ነጥቦች ይፈተሹ። ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሲለኩ ሁለቱም 82.69 ሜትር መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ሜዳው ዘሟል ማለት ነው፣ ችካሉ ይስተካከል።

ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በገመዱ ነው። የናይሎን ገመድ ሲሳብ ይለጠጣል፤ አንዱ ተማሪ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ይይዘዋል። ከችካሉ እስከ ግማሽ ክቡ ባለው ርቀት ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ስሕተት በአንድ ዙር 63 ሳንቲ ሜትር ያመጣል። 1,500 ሜትር በዚህ መም አምስት ዙር ስለሆነ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ለትምህርት ቤት ሯጭ ግማሽ ሰከንድ ነው። የብረት ሜትር ወይም የማይለጠጥ ሽቦ ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው መጽሐፍ ካነበበ ሰው ነው። ሯጮች በየመስመራቸው አንድ ሙሉ ዙር ሲሮጡ የሁለተኛው መስመር መነሻ 7.04 ሜትር ወደፊት ይወጣል የሚለው ቁጥር ጠርዝ ላለው መም የተሰላ ነው። በኖራ ብቻ በተሰመረ ሜዳ፣ የመስመሩ ስፋት 1.22 ሜትር ከሆነ፣ ልዩነቱ 7.67 ነው፤ አንድ ኩርባ ብቻ ላለው የ200 ሜትር ሩጫ ደግሞ ግማሹ፣ 3.83። በ7.04 ከተሰመረ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ልጅ ያለ ጥፋቱ 63 ሳንቲ ሜትር አብልጦ ይሮጣል።

100 ሜትር በ60 ሜትር ቀጥታ አይገባም። ከመነሻው ኋላ 3 ሜትር፣ ከመድረሻው በኋላ ማቆሚያ 17 ሜትር ተይዞ በአንድ ወገን ያለው ቀጥታ እስከ 120 ሜትር ይረዝማል። ኩርባ ላይ የተሮጠ «100 ሜትር» መዝገብ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ኖራው ራሱ ጣጣ አለው። ውኃ ጠጥቶ ያልበረደ ኖራ ላብ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ጀሶ ይሻላል። በጅማ ቀይ አፈር ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም መስመር ማስመር ደግሞ ለዝናብ መሥራት ነው።

ሰዓት አያያዝ ላይ ዋናው ችግር ፊሽካ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ መድረሻው ላይ የቆመ ሰዓት ያዥ ፊሽካውን ሰምቶ ከተጫነ 100 ሜትሩን በ0.3 ሰከንድ ያህል ያሳጥረዋል። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለባቸውን ሁለት ጣውላዎች አጋጭቶ ማስነሳት፣ ሰዓት ያዡም ጨርቁን እንዲያይ ማድረግ ይበቃል። ሦስት ሰዓት ካለ መካከለኛው ይያዛል፣ ሁለት ብቻ ከሆነ የዘገየው። በእጅ የተያዘ ሰዓት ወደ ላይ ወደሚቀጥለው ዐሥረኛ ይጠጋጋል፦ ስልኩ 11.63 ካለ መዝገቡ ላይ 11.7 ይጻፋል። 11.63 ብሎ መጻፍ ያልተያዘ ትክክለኛነት ማስመሰል ነው።

በርዝመት ዝላይ ልኬቱ አሸዋው ላይ ለመነሻው ጣውላ ከቀረበው ምልክት ይጀምራል፣ ከጣውላው ጋር ቀጥ ብሎ። በአሎሎ ውርወራ ክብደቱ ካልተጻፈ ርቀቱ ትርጉም የለውም፤ ከ18 ዓመት በታች ወንዶች 5፣ ሴቶች 3 ኪሎ ይወረውራሉ፣ አዋቂዎች ደግሞ 7.26 እና 4። የቦታው ከፍታም ይጻፍ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሳሳ ያለው አየር አጭር ሩጫንና ዝላይን ያግዛል፣ 5,000 ሜትርን ያከብዳል። ከ1,000 ሜትር በላይ የተመዘገበ የአጭር ርቀትና የዝላይ ውጤት በዓለም አቀፉ መዝገብም ምልክት ይደረግበታል።

ስለ ቀኑ። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ሦስቱም ይጻፉ፤ «እ.ኤ.አ.» ከሆነም ይባል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. 1960። ባዶውን «60» ወይም «52» ብሎ የተወ መዝገብ አንባቢውን በስምንት ዓመት ያሳስታል፤ ሩጫው በማግስቱ ቢሆን ኖሮ ደግሞ 1953 ይባል ነበር። በከተማችን ሚያዝያ 27 የሚባለው ትምህርት ቤት እንኳ ቀኑን በስሙ ይዞት ይኖራል፣ ዓመቱ 1933 መሆኑን ግን ስሙ አይነግርም።

ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ዕድሜም ይጻፍ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ 9 እና 10 አንድ እርከን፣ 11 እና 12 መሰናዶ ሆነው በብዙ ቦታ ግቢያቸው ተለይቶ ነበር። ስለዚህ የአንድ ልጅ ሰዓት ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ትምህርት ቤት መዝገብ ሊገኝ ይችላል። ስም እስከ አያት ይሁን፤ በጅማ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ከድር መኖሩ ብርቅ አይደለም።

መዝገቡ በጠንካራ ሽፋን፣ በእስክሪብቶ፣ በሁለት ቅጂ፦ አንዱ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍል፣ አንዱ በሪከርድ ቢሮ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሜዳው ንድፍ፣ የተለካበት ቀንና የለካው ሰው ስም ይቀመጥ። ሁለቱ ችካሎች ደግሞ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ገብተው በሲሚንቶ የታሰሩ ፌሮዎች ይሁኑ፤ ከግቢው አጥር ያላቸው ርቀትም እዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያሰምረው መምህር ቆፍሮ እንዲያገኛቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአትሌቲክስ ዳኞች፣ ከጅማ