ደብዳቤ ለልጄ፦ ዝም ያለውን ቁስለኛ አስቀድም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የተመደብክበት ሆስፒታል ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች መሆኑን፣ ማታ ማታም ድንገተኛ ክፍሉን የምትይዘው ብቻህን መሆኑን ከነገርከኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ከአንተ ጋር ነው። ያ መንገድ ጉሙም ጠመዝማዛውም ብዙ ስለሆነ የመኪና አደጋ ደጃፍህ ድረስ መምጣቱ አይቀርም። ዕድሜዬን በቀዶ ሕክምና ክፍል ሰመመን ስሰጥ ስለኖርኩ፣ የአደጋ ተጎጂ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚታከም ልጽፍልህ ወደድሁ። ትምህርቱ ለአንተ ቅርብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ የምጽፍልህ በጩኸትና በግርግር መካከል የሚረሳውን ነው።

ሚኒባስ ተገልብጦ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣልህ፣ አጃቢው ሁሉ እጅህን ይዞ የሚጎትትህ ወደሚጮኸው ቁስለኛ ነው። የሚጮኽ ሰው ግን ቢያንስ ለጊዜው አየር ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ደምም ወደ አንጎሉ ይደርሳል። አንተ አስቀድመህ ጥግ ይዞ ዝም ወዳለው፣ ላብ ወዳጠመቀው፣ ውኃ ስጡኝ ወደሚለው፣ «ደክሞት ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ወደተባለለት ሰው ሂድ። ስሙንና የሆነውን ጠይቀው። አጥርቶ ከመለሰልህ በአንድ ጥያቄ ብዙ ነገር አወቅህ፤ ካልመለሰልህ ሥራህ ከእሱ ይጀምራል።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የምንከተለው የምርመራ ቅደም ተከተል የተወለደው ከአንተው ዓይነት ትንሽ ሆስፒታል በተገኘ ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ የአጥንት ሐኪም የሚያበረው አውሮፕላን አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ ተከስክሶ ሚስቱ ሞተች፣ ልጆቹም ክፉኛ ተጎዱ። በገጠሩ ሆስፒታል ለልጆቹ የተደረገው ሕክምና ሥርዓት እንደጎደለው ያየው ይህ አባት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን ቅደም ተከተል የሚያስተምር ሥልጠና ቀረጸ፤ በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ፣ በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ተቀበለው። አየር መተላለፊያው፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱ፣ ቀጥሎ የደም ዝውውሩ፣ ቀጥሎ አንጎሉ፣ በመጨረሻም ልብሱን ገልጦ መላ አካሉን ማየት፤ ቶሎ የሚገድለው ይቀድማል። አንዱን ሳታስተካክል ወደሚቀጥለው አትለፍ፤ ሕመምተኛው ከተለወጠብህም ከመጀመሪያው ጀምር።

ራሱን ለሳተው ሰው አንገቱን ሳታንቀሳቅስ የታች መንጋጋውን ወደ ፊት አንሳ፣ ደሙንና ትውከቱን በሳክሽን (በመምጠጫው መሣሪያ) አጽዳ፣ ኦክስጅን ስጠው። ደረቱን በዓይንህ እይ፣ በእጅህም ዳስስ። አንደኛው ወገን የትንፋሽ ድምፅ ከሌለው፣ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ከጮኸ፣ የደም ግፊቱም እየወረደ ከሆነ በደረቱ ውስጥ የታመቀ አየር ልቡን እያፈነው ነውና ራጅ አትጠብቅ። ለአዋቂ ሰው በአራተኛውና በአምስተኛው የጎድን አጥንት መሐል ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ብሎ፣ ከብብት መካከለኛ መስመር ትንሽ ወደ ፊት በመርፌ አየሩን አውጣ፤ ወዲያው ቼስት ቲዩብ፣ ማለትም ከደረት አየርና ደም የሚያወጣውን ቱቦ አስገባ።

አሁን ወደ ደሙ ልምጣ፤ በጣም የምፈራልህ እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ወጣት ካለው ደም እስከ 30 በመቶ፣ ማለትም እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ እያጣ እንኳ የላይኛው የደም ግፊቱ ብዙም ላይወርድ ይችላል። «ግፊቱ 110 ነው፣ ደህና ነው» ሲሉህ የልብ ምቱን ጠይቅ፤ እጁን ጨብጥ፣ ጥፍሩንም ተጫን። ምቱ 125 ከሆነ፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ የተጫንከው ጥፍር ቶሎ ካልቀላ ያ ሰው እየደማ ነው። በውጭ የሚታየውን ደም በቀጥታ ተጭነህ አቁም፤ ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው በዚህ እምቢ ካለ ከቁስሉ በላይ ደም የሚያቆመውን ጥብቅ ማሰሪያ፣ ቱርኒኬት እሰር፣ ያሰርክበትንም ሰዓት ጻፍ። የማይታየው ደም በደረት፣ በሆድ፣ በዳሌና በጭን ይደበቃል። አንድ የተሰበረ የጭን አጥንት ብቻውን አንድ ሊትር ተኩል ደም ሊይዝ ይችላል። ዳሌው ተሰብሯል ብለህ ከጠረጠርህ ደጋግመህ እየነቀነቅህ አትፈትነው፤ አንሶላ አጣጥፈህ ጠበቅ አድርገህ እሰር። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት አንሶላው ወገብ ላይ መታሰሩ ነው፤ ቦታው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የጭን አጥንት ጉብታ በጎን በኩል በእጅ የሚዳሰስበት ነው።

ሰው በልማድ ሁሉንም «ግሉኮስ» የሚለውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብም ጠላት ነው። የፈሰሰው ደም ነው፤ ጨዋማ ውኃ ኦክስጅን አይሸከምም፣ የቀረውን ደም ያቀጥናል፣ ሰውነቱንም ያቀዘቅዛል። ከአንድ ሊትር በኋላ አሁንም ካልተረጋጋ ደም ፈልግ፣ ደሙን የሚያቆምለትንም ቀዶ ሐኪም። የረጋ ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ ካላችሁ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ከዚያም 1 ግራም በ8 ሰዓት ውስጥ ስጥ። በ2010 ውጤቱ የታተመውና በ40 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ ተጎጂዎች የተሳተፉበት ጥናት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ጥቅሙ አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ያመጣውን ሾፌር ሳታሰናብት አደጋው በስንት ሰዓት እንደደረሰ ጠይቀው፣ በካርዱም ላይ አስፍረው።

ከጣርማ በር የሚወርድልህ ቁስለኛ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ የቆየ፣ ልብሱም በዝናብና በደም የራሰ ነው። የቀዘቀዘ ሰው ደሙ አይረጋም፤ ደሙ ያልረጋ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርጥቡን ልብስ በመቀስ ቀደህ አውልቅ፣ ጀርባውን ለማየት ከረዳቶችህ ጋር በአንድነት አገላብጠው፣ አይተህ እንደጨረስህም ወዲያው በብርድ ልብስ ሸፍነው።

ጭንቅላቱ የተመታን ሰው «ጠጥቶ ነው» ብለው ሲነግሩህ አትቀበል። ጠጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከአንጎሉ ውስጥ ደም እንደማይፈስ እስክታረጋግጥ ድረስ እንደሚፈስ ቁጠረው። የንቃቱን ደረጃ የምንለካበትን የግላስጎ መለኪያ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ዓይኑን፣ ንግግሩንና እንቅስቃሴውን ለየብቻ ጻፍ፣ የዓይን ብሌኖቹንም አወዳድር። ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአየር መተላለፊያውን በቱቦ ጠብቅ። ለተጎዳ አንጎል የኦክስጅን ማነስና የግፊት መውረድ ሁለተኛ ምት ናቸው።

ስለ ወጌሻ ሳልጽፍልህ አላልፍም። እግሩ የተሰበረ ገበሬ በሸንበቆ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ከቀናት በኋላ ጣቶቹ ጠቁረው ይመጣልሃል። በሕዝብ ፊት ወጌሻውን አትዝለፍ፤ ብትዘልፈው የሚቀጥለው ሕመምተኛ ይበልጥ ይዘገይብሃል። ይልቅ አግኝተህ አነጋግረው፤ ሲያስር ጣቶቹን እንዲያይ፣ ደንዝዞኛል ወይም ሕመሙ ባሰብኝ የሚለውንም ፈትቶ ወደ አንተ እንዲልክ ለምነው። እኛም ጄሶ ስናስር ያው አደጋ አለብን። ጣቱን ቀስ አድርገህ ስትዘረጋለት ከስብራቱ የማይጠበቅ ብርቱ ሕመም ተሰምቶት ከጮኸ ጡንቻው እየታፈነ ነው። የደም ሥሩ መምታቱ አያጽናናህ፤ ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ፍታ፣ ካልተሻለውም በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መከፈት አለበት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ለወጣ ቁስለኛ አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሰዓት ስጥ፣ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ፈሳሽ እጠብ፣ የቴታነስ መከላከያ ስጥ፤ ለመስፋት አትቸኩል። የሕመም ማስታገሻም አትንፈግ፤ የሰመመን መድኃኒቱ ኬታሚን በትንሽ መጠን የደም ግፊቱ ለዋዠቀ ሰው እንኳ ይሆናል።

ከአቅምህ በላይ የሆነውን ወደ ደብረ ብርሃን ስትልክ አስቀድመህ ደውልና ተቀባዩን ሐኪም በድምፅ አግኘው። ለመላክ ራጅና ላቦራቶሪ እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ነገር ግን ቼስት ቲዩብ የሚያስፈልገው ሰው ሳይገባለት ያንን አቀበት እንዳይወጣ። ነርስ አብሮት ይሂድ፣ ኦክስጅኑ ለመንገዱ የሚበቃ መሆኑ ይታይ፣ የሰጠኸውም መድኃኒት ከነሰዓቱ ይጻፍ። አንተ ዘንድ የሚያድረውን ደግሞ በነጋታው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንደገና መርምረው፤ ማታ የጭኑ ሕመም የሸፈነው የተሰበረ ጣት ወይም የሆድ ጉዳት የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።

እናትህ