ንቦቻችንን ሳናውቃቸው አናደባልቃቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ንብ እርባታ ባወጣችሁት ጽሑፍ የንብ መንጋ ከአካባቢ አካባቢ እያጓጓዙ ማከፋፈል እንደ መፍትሔ ቀርቧል። በዚህ አልስማማም።

የንቦቻችን ማንነት ገና አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአገራችን አምስት ንዑስ ዝርያዎች አሉ አለ። በ2011 የወጣው ደግሞ የኢትዮጵያ ንቦች ራሱን የቻለ አንድ ንዑስ ዝርያ ናቸው ብሎ ሲሜንሲስ የሚል ስም ሰጠ። ሁለቱም የተመሠረቱት በአካል ልኬት ላይ ነው፤ በክንፍ፣ በእግር፣ በቀለም። ዘረመሉ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በ2017 የወጣ በኬንያ ንቦች ላይ የተደረገ ጥናት የደጋና የቆላ ንቦች ልዩነት በአብዛኛው በሁለት የክሮሞዞም ክፍሎች ላይ ተከማችቶ አግኝቶታል።

የንቧ ተፈጥሮም አለ። ንግሥቲቱ ከድንጉላ (ወንድ) ንቦች ጋር የምትገናኘው አየር ላይ ስትበር ነው፤ ያውም ከብዙዎች ጋር። ላም ቢሆን ኮርማውን ማሰር ይቻላል። ከቆላ የመጡ ድንጉላዎች ግን የጎረቤትን ቀፎ ዘር ሳይቀር ይከልሳሉ። ብርዱን ለምዶ የኖረ የደጋ ንብ አንዴ ከተቀላቀለ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ከደጋም ከቆላም ናሙና ሰብስቦ የዘረመል ካርታ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። አሰባሰቡ ከባድ አይደለም። ከየቀፎው ጥቂት ሠራተኛ ንቦችን አልኮል ባለበት ብልቃጥ መክተት፣ ላዩ ላይ ቦታውንና ከፍታውን መጻፍ ነው። እስከዚያው የሚከፋፈል መንጋ ከዚያው ወረዳ፣ ካልሆነም ተመሳሳይ ከፍታ ካለው አጎራባች ወረዳ ብቻ ይምጣ።

አንድ አንባቢ