ስለዚያች ማሽን

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድምዬ፣ እንዴት ናችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይስ እንደዛው ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሌሊት ፈረቃው ያው ነው፣ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያጣላን።

ባለፈው ስትደውል "ያችን የወርቅ ማሽን ላክልኝ፣ ዋርካው ሥር ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው አለ ይላሉ" ስትለኝ ስቄ አልፌው ነበር። በኋላ ሳስበው የምርህን ነው። በስልክ ከጀመርነው ስለምንጨቃጨቅ በጽሑፍ ልመልስልህ። ለእማዬም አንብብላት፤ አንድ ቦታ ግን ትዘላታለህ፣ ስትደርስ እነግርሃለሁ።

ሲጀመር የወርቅ ማሽን አይደለችም። ዲቴክተር ናት፣ የብረት መፈለጊያ። ብረት ስልህ ብሩንም፣ መዳቡንም፣ ቆርቆሮውንም ነው። ከጎረቤቴ ከአንድ ሽማግሌ ገዛኋት፤ ጎንበስ ቀና ማለት ሲያቅተው ነው የሸጠልኝ። ከታች ሰሃን የመሰለ ክብ ነገር አላት። ሰሃኑ ወደ መሬት የማግኔት ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ብረት ሲያገኝ ብረቱ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፣ እሱን መልሳ ትይዝና ጆሮህ ላይ ትጮኻለች።

የኔዋ ደግሞ ምስል ታሳያለች። ፎቶ እንዳይመስልህ! እኔም እንደ ሆስፒታል ራጅ የተቀበረውን ቁልጭ አድርጋ የምታሳየኝ መስሎኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ የምታየው ጥቁር ሳጥን ነው፤ ነገሩ ትንሽ ከሆነ ትንሽ፣ ትልቅ ከሆነ ትልቅ። ጥቅሟ ምን መሰለህ፣ ተራዎቹ ማሽኖች ጥልቀት የሚገምቱት ከታች ያለው ሁሉ ሳንቲም የሚያክል ነው ብለው ነው፤ ስለዚህ ጠልቆ የተቀበረ ጣሳ ቅርብ ያለ ሳንቲም መስሎ ጉድ ይሠራሃል። ይቺ መጠኑን ለብቻ፣ ጥልቀቱን ለብቻ ትነግርሃለች። ከዚያ በላይ አትጠብቅ።

ሽማግሌው "እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ተለማመድ" አለኝ። የመጀመሪያው ቀን 23 ጉድጓድ ቆፈርኩ። ቆርኪ፣ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ እንደገና ቆርኪ። አንዴማ ስክሪኑ ትልቅ ሳጥን ሲያሳየኝ ልቤ ቀጥ አለ፤ እስከ ጉልበቴ ቆፍሬ የማረሻ ስባሪ አወጣሁ። ሰውየው በረንዳው ላይ ቡናውን ይዞ እየሳቀብኝ።

ከሁሉ የሚያናድደው ኒክል የሚሏት 5 ሳንቲም ናት። 75 በመቶ መዳብ፣ 25 በመቶ ኒክል ናት፣ ግን ለማሽኗ ከጣሳው ቀለበት ጋር አንድ ሆና ነው የምትሰማት። ቀጭን የወርቅ ቀለበትም እዚያው መሀል ነው የሚያርፈው። አየህ? "ይሄ ወርቅ ነው" ብላ የምትጮህ ማሽን የለችም። ወርቅ የሚፈልግ ሰው የጣሳውን ቀለበት ሁሉ እየቆፈረ ነው የሚኖረው።

በማግስቱ ሽማግሌው መጥቶ ስክሪኑን በፕላስተር ሸፈነብኝ። "ሁለት ሳምንት በጆሮህ ብቻ" አለኝ። ተናድጄ ነበር፣ ሰውየው ግን ልክ ነው። የሚስማር ድምፅ እንደ ጉምጉምታ ወፈር ይላል፣ ቆርጦ ቆርጦም ይመጣል። ብር ያለበት ሳንቲም ከየትኛውም አቅጣጫ ብታልፍበት ያው ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ነው። በፈረንጆቹ እስከ 1964 የተሠራው የዚህ አገር 25 ሳንቲም 90 በመቶው ብር ነው፣ ድምፁን አንዴ ከለመድከው አትረሳውም። አያታችን ማርትሬዛ ሲሰጧት ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ አንገቷን ዘንበል የምታደርገው ትዝ አለኝ። ለካ እሷም የምትሰማው ይሄንኑ ነው።

አሁን ለእማዬ የማታነብባት ቦታ ጋ ደረስን።

ለመለማመድ የታወቁ ነገሮችን በተለያየ ጥልቀት ቀብረህ ዱላ ትተክልበታለህ። ሳንቲም ቀበርኩ፣ ቆርኪ ቀበርኩ፣ ከዚያ ምን ነካኝ፣ እማዬ ስሸኝ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን የአያታችንን ማርትሬዛ ፈትቼ ቀበርኩት። ያው 1780 የሚል የተጻፈበት፤ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ስክሪኑ ላይ ከሳንቲሞቹ ተለይቶ ይታይ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው። በማግስቱ ስመጣ የሽማግሌው ውሻ ዱላዎቹን በሙሉ ነቅሎ ተጫውቶባቸዋል! ሌሊቱን ዘንቧል፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ የለም። ሁለት ቀን ሥራ ላይ እንኳ አንገቴን ስዳስስ ነበር የምውለው።

ለካ ጥፋቱ የኔው ነው። ሚስማር ሰልችቶኝ ማሽኗ ሚስማር ስታገኝ ዝም እንድትል አድርጌያት ነበር። ማርትሬዛው አጠገብ ደግሞ የዛገ ሚስማር ነበረ። ለሚስማሩ ዝም ስትል አብራ ማርትሬዛውንም ዋጠችው። ሽማግሌው ማጣሪያውን አጥፋውና በዝግታ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ሂድበት አለኝ። በአግድሙ ስሄድ በጉምጉምታው መሀል ያቺ ቀጭን ድምፅ ብቅ አለች። በእጄ ነው የቆፈርኩት፣ አካፋ እንዳይነካው ብዬ። ላብ አጥምቆኝ ነበር።

እሺ፣ ከዚህ በኋላ ለእማዬ አንብብላት።

እዚህም ቢሆን ደስ ያለህ ቦታ አትቆፍርም። የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ማናሳስ የሚባል፣ በፈረንጆቹ የ1861 እና የ1862 የጦር ሜዳ ቅርባችን አለ፣ የፌዴራል ፓርክ ስለሆነ በዚህች ማሽን መፈለግ ወንጀል ነው። እኛም አገር አዋጅ 209/1992 አለ፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ማሽን አለኝ የሚል ሰው መጥቶ ቀብድ ከጠየቀህ ደግሞ ወርቁን ካንተ ኪስ ሊያወጣ ነው።

ይሄ ሁሉ ይቅር። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ወልድያ ዙሪያ ስንት ጦርነት እንዳለፈ ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ፈንጂ የሚያጸዱ ሰዎች የሚይዙትም ዲቴክተር ነው፤ እነሱ ግን ሠልጥነው ነው፣ ለብሰው ነው። ላንተ ስትጮህ የወርቅ ሳጥን ይሁን ያልፈነዳ ቦምብ በምን ታውቃለህ? ስክሪኑ ለሁለቱም ያው ጥቁር ሳጥን ነው የሚያሳይህ። እዚያ ዋርካ ሥር ከብት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ዶማ ይዘህ እንዳትሄድ።

ስለዚህ ማሽኗን አልልክም። ተቆጣ ከፈለግህ። ለውሃ ፓምፑ የጎደለውን ግን ለበዓል እሞላልሃለሁ፣ ደረሰኙን ብቻ በቴሌግራም ላክልኝ።

እማዬ ማርትሬዛው አንገቱ ላይ አለ ወይ ካለችህ አለ በላት። ክሩን ለምን ቀየረው ካለች ግን አላውቅም በል።

ወንድምህ