«እስቲ አንተ ጋይዳንሱን ያዝልን»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሁሉም ጣቱን መምህር ላይ ይቀስራል። በ2014 ዓ.ም. 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ እንዲህ ተባለ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 ከመቶ ሲደርስም ወሬው ያው ነበር። መምህር ይጠየቅ፣ አልቃወምም። እኔም እዚሁ ሀዋሳ መምህር ነኝ። ግን ትምህርት ቤትን ቾክ የያዘው ሰው ብቻውን አያቆመውም። ርዕሰ መምህር አለ፣ ማንም ስሙን የማያነሳው የተማሪዎች አማካሪም አለ። ዛሬ የምጽፈው በተለይ ስለ እሱ ነው።

አማካሪ እንዴት እንደሚመደብ ልንገራችሁ። እኔ በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ክፍለ ጊዜ ያነሰው መምህር ይፈለጋል። ጂኦግራፊ ያስተምር ታሪክ፣ ለውጥ የለውም። «እስቲ አንተ ጋይዳንሱን ያዝልን» ይባላል፣ በቃ አማካሪ ሆነ። ሥልጠና የለም። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው የተወለት ማስታወሻ እንኳን የለም። ቢሮው ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጋር በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ነው፣ እዚህ የተወራው እዚያ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ዩኒት ሊደር ደግሞ የሚቀጣ ሰው ነው። እሱ እየሰማት የቤቷን ገመና የምታወራ የ15 ዓመት ልጅ ከየት ትመጣለች?

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረን፣ ጠዋት ጠዋት ዴስኩ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ። ወላጅ አምጣ ተባለ። አላመጣም። ታገደ። ኋላ ስንሰማ ልጁ ገና ሳይነጋ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዶ ከዓሣ አውራጆች ጋር ይሠራል፣ የሚያመጣው ወላጅም ከተማው ውስጥ የለውም፣ ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልጅን ሳያስፈራሩ መጠየቅ ግን ሙያ ነው፣ ይማሩታል። አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ ጥቃት እየደረሰባት እንደሆነ ብትነግርህ ምኑን በምስጢር እንደምትይዝ፣ ምኑን ለማን ማሳወቅ እንዳለብህም ይማሩታል። የጂኦግራፊ ዲግሪ ይህን አይሰጥም።

አሜሪካ ውስጥ የአማካሪነት ፕሮግራሞችን የሚመዝን ኬክሬፕ የሚባል አካል አለ። ሰልጣኙ ሳይመረቅ 100 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቀዋል፣ ከ600ው ደግሞ 240ው ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ የሚሠራበት መሆን አለበት። የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበራቸው ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይላል፣ እነሱ ራሳቸው ብዙ ቦታ አልደረሱበትም። የእነሱ ገንዘብ የለንም፣ አውቃለሁ። ከልጅ ጋር ብቻህን ከመቀመጥህ በፊት የሚያውቅ ሰው እያየህ መለማመድ ግን ያን ያህል ገንዘብ አይፈልግም።

መምህራንም ጋ ችግሩ ይኸው ነው። ፕራክቲከም የሚባል የማስተማር ልምምድ አለ ይባላል። እኔ ያየሁት ሱፐርቫይዘር ከኋላ ተቀምጦ ፎርሙን ሞልቶ ደወል ሳይደወል ሲሄድ ነው። ክፍሉን ለሰልጣኙ የለቀቀው መምህርም ስታፍ ሩም ነበር። ለመምህራንና ለርዕሰ መምህራን ብሔራዊ የሙያ ስታንዳርድ ተጽፏል፣ የሙያ ፈቃድ ምዘናም አለ፣ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ «እዚህ ጋ ልጆቹ ጠፍተውብሃል፣ ነገ እንዲህ አድርገህ ሞክር» ካላለው ሰልጣኙ ስታንዳርዱን ሸምድዶ ያልፋል እንጂ ማስተማር አይችልም። ትምህርት ቤት መምራት ሳይማር የተሾመ ርዕሰ መምህርም የአማካሪ ጥቅም አይገባውም፤ ያንን ቢሮ በኮምፔንሳቶ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

ሀዋሳ ደግሞ ሰው አላጣችም። ዩኒቨርሲቲው ሳይኮሎጂ ያስተምራል፣ የመምህራን ኮሌጁም እዚሁ ነው። የከተማው ትምህርት መምሪያ አማካሪ ተብለው የተመደቡትን መምህራን በዚህ ክረምት እነዚህ ጋ ልኮ ያሠልጥን። መስከረም ላይ ክፍለ ጊዜያቸው ይቀነስ፣ በር የሚዘጋ ክፍል ይሰጣቸው። ርዕሰ መምህራኑም ሥልጠናው ላይ አብረው ይቀመጡ። መምሪያው ይህ አይቻልም የሚል ከሆነ ምክንያቱን እዚሁ ጋዜጣ ላይ ቢነግረን ደስ ይለኛል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ